የይቅርታው ድንጋይ

ባል ቢሆን ኖሮ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ፈትተው ይገላገሉት ነበር። ልጅ አይፈታ ነገር! ሰይፈሚካኤል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አዳማ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ይደርሳል፤ አዛውንት ካየ “አካም ጅርቱ” ብሎ ጉልበት ይስማል። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ባለፈው ወር እናቱን ገፍትሮ እጃቸውን ሰበራቸው። ለጎረቤት “አዳልጧት ነው” አለ፤ ጠያቂ ሲመጣ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣ ምርቃት ሰበሰበ። ጠያቂው ሲወጣ ማንኪያውን ወርውሮ ሄደ።

እውነቱን ሲናገሩ የሰማቻቸው የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ነርስ ሑስና ብቻ ናት።

“ሳላየው የሕመም ስም አልሰጠውም እማማ። ግን ፀረ ማኅበራዊ የሚባል የስብዕና ችግር አለ። ከሰው የሚሸሽ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተጫዋች ሊሆን ይችላል። ይዋሻል፣ ይጎዳል፣ የሌላው ሕመም አይቆረቁረውም፣ አይጸጸትም። እርስዎ መጀመሪያ ከዚያ ቤት ይውጡ።”

እሺ አሉ። መቂ ያለችው ልጃቸው ሊዲ ጋ ሊሄዱ ሻንጣቸውን አዘጋጁ፤ ባጃጁም ደጅ ቆመ። ይሄኔ ሰይፈሚካኤል ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ የእድሩን ዳኛ አቶ ገመዳንና ሁለት ሽማግሎችን አስከትሎ ከች! እናቱ እግር ሥር ወድቆ ተንሰቀሰቀ።

“ይሄ ልጅ ጤና የለውም” አሉ ሸዋወርቅ። “ነርሷ ፀረ ማኅበራዊ የሚባል ነገር አለ ብላኛለች።”

“ይሄ?” አቶ ገመዳ ሳቁ። “የእድራችንን ድንኳን የሚተክለው? ኧረ በፈጠረዎት! ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ልጅ ይመለሳል እንዴ?”

ሸዋወርቅ ወደ ባጃጁ ሲራመዱ አቶ ገመዳ በዚያ ዕድሜያቸው ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ። ጎረቤቱ በሙሉ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያያል። ሸዋወርቅን ጮኸው ማልቀስ አማራቸው፤ ማን ሊሰማቸው?

“ምሬዋለሁ” አሉ።

እልል ተባለ። ባጃጁን አቶ ገመዳ ራሳቸው አሰናበቱት፤ ሻንጣውን ሰይፈሚካኤል ወደ ቤት አስገባ። ሽማግሎቹም መርቀው ወጡ።

ሰይፈሚካኤል በሩን ቀረቀረ። እንባውን በእጅጌው ጠረገና ድንጋዩን አንሥቶ ከበሩ ጀርባ አስደገፈው። ሸዋወርቅ አወቁት፤ በአምናውም እርቅ የተሸከመው ይሄንኑ ነበር።

“ድንጋይዋ እዚሁ ትቀመጥ እማዬ” አላቸው። “ታስፈልገናለች።”