ኮረንቲው የተገለበጠ ዕለት

እማዬ ሥራዬን ለጎረቤት የምታስረዳው ባጭሩ ነው፦ ልጄ ኮረንቲ ወደ አንድ ጎን ብቻ እንዲሄድ ታደርጋለች። እንደዚያ ብዬ ያስረዳኋት እኔው ነኝ። ሱፐርኮንዳክተር የሚባል እጅግ ስስ ቁስ በጣም ሲቀዘቅዝ ኮረንቲን ያለ ምንም ተቃውሞ ያሳልፋል። የእኔው ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ማግኔት አስጠግታችሁ ወደ ቀኝ ስትልኩት ሽው ይላል፣ ያንኑ ያህል ወደ ግራ ስትልኩት ይንገታገታል። ቢያንስ ኮምፒውተሬ ላይ እንደዚያ ነው።

አማካሪዬ ግን በዋዛ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። የማግኔቱን አቅጣጫ ገልብጪው አሉኝ። ኮረንቲውም አብሮ ተገልብጦ ወደ ግራ ሽው ካለ ግኝቱ እውነት ነው፤ ካልተገለበጠ ግን የፕሮግራሜ ስህተት ነውና ዶክትሬቴን ከሀ ልጀምር ነው። ከሀ! ማታ ለእማዬ፣ ነገ ኮረንቲው ይገለበጥ አይገለበጥ ይለይለታል፣ የኔም ዕጣ በዚያው ነው አልኳት። የትኛው እንደሚሻል ሳልነግራት ተኛሁ።

ጠዋት ሰፈራችን ሰሚት መብራት የለም፣ እንደ ልማዱ። ላፕቶፔን አቅፌ በሚኒባስ ተጋፍቼ ቦሌ ወረድኩና ጄኔሬተር ያለው ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ በማኪያቶ ላይ እየደረብኩ ጥፍሬን ስበላ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የኮረንቲው መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ወደ ግራ። ጮህኩ። አስተናጋጇ ትሪዋን ልትለቀው ምንም አልቀራት። ለእማዬ ደወልኩና "እማዬ፣ ተገለበጠ፣ ተገለበጠ!" ብዬ ሳቅና ለቅሶ ሲቀላቀልብኝ ስልኬ ቻርጅ ጨረሰ።

ቤት ስደርስ የብሎካችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳሎኑን ሞልተውታል። ክው አልኩ፤ ማን ሞተ? አንዷ እናት ተነስተው አቀፉኝና አይዞሽ፣ ዋናው ጤና ነው፣ እግዜር ሌላ ያመጣልሻል አሉኝ። ለካ የሚለቀሰው ለእኔ ነው። ሳቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ። ይህቺ ልጅ ለየላት ብለው ተያዩ። እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፈጠጠችብኝ። መገለበጡ ነው ደጉ፣ ባይገለበጥ ነበር ጉዴ አልኳት፣ እንባዬን እየጠረግኩ።

"መገለበጥ ነበረበት?"

"አዎ፣ እማዬ።"

ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። "እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እንዳይገለበጥ እግዜርን ስለምን ነው የዋልኩት።"

እማዬ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

"እንኳንም አልሰማኸኝ።"