አስራ ሁለቱ የኡበይድ ድንጋዮች

ሮቢት መግቢያ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ግራር ሥር ተቀምጦ መንገደኛ የሚሰድብ ሰው ካያችሁ ኡበይድ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ ኡበይድ ታሟል ማለት ነው።

ኡበይድ ገበሬ ነው። ሁለት በሬ፣ አስፋልት ዳር የማሽላ መሬት፣ ሀጀራ የምትባል ሚስት አለችው። ዋና ሥራው ግን ሞተረኛ መናቅ ነው። ሞተር አገሩን ከረገጠ ጀምሮ ይንቃል፣ አልደከመውም። ከቆቦ በኩል ድምፁ ገና ሲሰማ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይጀምራል።

«ይኸው መጣ የሞት ፖስተኛ! ከፈኑን አስፍቶ የወጣ! አባቱ በግመል ቆቦ ገብቶ ሲመለስ ምን ጎደለበት?»

በገበያ ቀን ግን ኡበይድ ጎብዬ የሚሄደው በሞተር ነው። የወንድሙ ልጅ ጀሚል ነው የሚወስደው። ፊት ጀሚል፣ መሀል ኡበይድ፣ ከኋላ በመንገድ የተገኘ ሰው፣ ጭን ላይ ፍየል። ሄልሜትም አለ፣ አልጠፋም፤ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ እንቁላል ይጓጓዝበታል። ኡበይድ መሀል ተጣብቆም ቢሆን ምላሱ አያርፍም። ሌላ ሞተር ሲቀድማቸው በጀሚል ትከሻ ላይ ብቅ ብሎ «እየው! እየው ይኸን ከንቱ እንዴት እንደሚነዳ!» ይላል። ጀሚልም ለማየት ዞር ይላል። ዞር የሚለው በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ነው።

«ጀሚልስ ሞተረኛ አይደለም ወይ?» ሲሉት፣

«ጀሚልማ ልጅ ነው» ይላል።

ጀሚል ሰላሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ከሞተረኛ ሁሉ አብልጦ የሚንቃት ደግሞ አንዲት ነበረች። ቅድስት ትባላለች፣ የከብት ሐኪም ናት። ከቆቦ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር እየመጣች የሰፈሩን ከብት ትከትባለች፣ የታመመ ታክማለች። ጥፋቷ ብዙ ነው። አንደኛ ሴት ናት። ሄልሜቷን ጭንቅላቷ ላይ ነው የምታደርገው። ደግሞ ዝግ ብላ ትነዳለች፤ ግመል ስታይ ትቆማለች፣ ጋሪ ስታይ ትቆማለች፣ ዶሮ እንኳ ሀሳቧን እስክትወስን ትጠብቃለች።

«ጥላዋን ያየች እንደሆን ትቆማለች» ይል ነበር ኡበይድ። «እንዲህ ከሆነ በእግሯ አትመጣም?»

ፈጣኑን በፍጥነቱ ይንቃል፣ ዝግ ያለችውን በዝግታዋ ይንቃል። ሚዛኑ የማያዳላ ሰው ነው።

እሷ ግራሩ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ሰላም ትላለች። «እንደምን ዋሉ አያ ኡበይድ? በሬዎቹ ደህና ናቸው?»

«አልሰማሽም! በመጀመሪያ ድስትሽን ከራስሽ ላይ አውርጅ!»

ከግራሩ ሥር የተሰበሰበው ሁሉ ይስቃል። እሷም ትስቅና ትሄዳለች፤ ዝግ ብላ።

እንግዲህ ህዳር መጣ። በኛ አገር ሰው ከመንግሥት ያገኘው ትልቁ አውድማ አስፋልት ነው። ማሽላው ከተወቃ በኋላ የመንገዱ እኩሌታ ላይ ይሰጣል። ከታች አስፋልቱ ይግላል፣ ከላይ ፀሐይ ነው፣ አፈር የለው፣ ጠጠር የለው፣ በሁለት ቀን ይደርቃል። መኪና እንዳይረግጠው ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል። መኪናው ወዴት ይሂድ? ይህን የጠየቀ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የኡበይድ ድንጋዮች አስራ ሁለት ናቸው። አምና ጎረቤቱ አያሌው ሦስቱን ወስዶ ጉልቻ አደረጋቸው፤ ተጣሉ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ድንጋዮቹ ጥላሸት ለብሰው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ኡበይድ ለቤቱ በር ከገዛው ሰማያዊ ቀለም በተረፈችው አስራ ሁለቱንም ቀባቸው። እንዳይሰረቁ ነው እንጂ ሾፌር እንዲያያቸው ብሎ አይደለም። ሾፌር ማን ነውና!

አንድ ቀን ማሽላውን ጠዋት አፍሶ በማዳበሪያ ከትቶ አስገባ። ድንጋዮቹን ተዋቸው።

«ድንጋዮቹስ?» አለች ሀጀራ።

«ከዙህር በኋላ አነሳቸዋለሁ።»

«አምናም ከዙህር በኋላ ብለህ በረመዳን ነው ያነሳሃቸው።»

«አንች ሴትዮ፣ ድንጋይ ይሮጣል? የት ይሄዳል?»

ዙህር ሰገደ። ከሰገደ በኋላ አንድ ሞተረኛ ሁለት ሰውና አንድ አልጋ ጭኖ ሲያልፍ አየ፣ ግራሩ ሥር ቁጭ ብሎ እሱን ሲሰድብ ጊዜው አለፈ።

ቅድስት ያን ጊዜ ከቆቦ መጣች። ከወዲያ ደግሞ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ጋሪ ልቅደም ብሎ መሀሉን ይዞ መጣ። እሷ እንደ ልማዷ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ዳሯን ያዘች። ዳሩ ላይ የኡበይድ ድንጋይ ነበር። ሞተሩ ተንጋሎ ወደቀ፣ እሷ ወዲያ፣ የክትባት ሳጥኗ ወዲህ፣ በረዶው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ይቀልጥ ጀመር። መኪናው አልቆመም።

ከግራሩ ሥር መጀመሪያ የተነሳው ኡበይድ ነው። ሰዎች «አይ ኡበይድ! ለካ ሆዱ ሩኅሩኅ ነው» አሉ። ኡበይድ ግን ወደ ልጅቱ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን እየለቀመ ወደ ቦዩ ወረወረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አስራ አንድ። አስራ ሁለተኛው የለም። ዙሪያውን ቃኘ፣ የለም። ቅድስት ክንዷን ይዛ በጎኗ ተኝታ በሄልሜቷ መስታወት ውስጥ ታየው ነበር። እሱ ድስት የደፋ ሰው የሚያይ አልመሰለውም።

ሌላው ሰው ከብቦ ገና ሳያነሳት ፍርዱን ጨረሰ።

«በርራ ነው!»

«ሞተር ያው ሞተር ነው፣ መጨረሻው ይኸው ነው።»

«ሴት ልጅ ምን አስነዳት?»

ጀሚል ሞተሩን አቁሞ፣ ከኋላው ሁለት ሰው እንደጫነ፣ አንገቱን ነቀነቀ። «ጥንቃቄ የላቸውም እኮ» አለ።

ቅድስት እጇ ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቷ ሁለት ሰዎች ደብተር ይዘው መጡ። ጥፋቱ የሷ ከሆነ ሞተሩ ይወሰድባታል። አደጋው ግራሩ ፊት ስለሆነ ምስክሩ የግራሩ ባለቤት ነው። ሰው ተሰበሰበ፣ ቅድስትም ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ቆመች።

«ምን ጣለሽ?» አሏት።

«ድንጋይ።»

«ድንጋዩ የታለ?»

ሁሉም አስፋልቱን አየ። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው። ቅድስት ኡበይድን አየችው። ኡበይድ ግራሩን ያያል፤ ቅጠል የሚቆጥር ይመስል።

«አያ ኡበይድ፣ እርስዎ አይተዋል። ፍጥነቷ እንዴት ነበር?» አለ ደብተር የያዘው።

ኡበይድ ሂሳቡን ሠራ። ድንጋዩ የኔ ነው ካለ፣ ሰው ከመንገድ የጣለ እሱ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግራሩ ሥር ተቀምጦ ማንን ይሰድባል? ሃያ ዓመት የገነባው ንቀት በአንድ ድንጋይ ሊፈርስ ነው።

«ሞተር ነዋ» አለ።

«እሱማ ሞተር ነው። ትፈጥን ነበር ወይ?»

«አያሌው ሆይ፣ ሞተር ዝግ ሲል አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ አላውቅም» አለ አያሌው። «ይልቅ ማልላቸውና ይገላገሉ።»

ኡበይድ አምላኩን ይፈራል። በሐሰት አይምልም። ጥቂት አሰበና እጁን አነሳ።

«ወላሂ! ሞተር ፈጣን ነገር ነው።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። ደብተር የያዘው «በከፍተኛ ፍጥነት ስታሽከረክር» ብሎ ጻፈ። ቅድስት ክንዷን አቅፋ ሄደች። ሞተሩ መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት፤ እጇ ከዳነ በኋላም በባጃጅና በጋሪ ትመላለስ ጀመር። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትመጣለች፣ ያውም ጋሪ ከተገኘ።

ማታ ሀጀራ እራት እያቀረበች፣

«ወላሂ ብለህ የማልካት መሐላ፣ እውነት ናት?» አለችው።

«ውሸት አለባት?»

«የለባትም። ለዚህ ነው ያስጠላችኝ።»

ጥር ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ የኡበይድ ትልቁ በሬ ገመዱን በጥሶ ጓዳ ገባ። ያ አስፋልት ላይ የደረቀው ማሽላ በማዳበሪያ ተደርድሮ ነበር። በሬው አንዱን ቀዶ እስኪጠግብ በላ፣ ከዚያ ከገንዳው ውኃውን ጠጣበት። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ትንፋሽ አጠረው።

ኡበይድ ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«ቅድስት! ልጄ! በሬዬ ሊሞት ነው፣ ሆዱ ተነፍቷል!»

«አያ ኡበይድ፣ እንዳይተኛ አድርጉት፣ አቁሙት። መጣሁ።»

«ቶሎ በይ እንጂ! ቶሎ!»

«በምን ቶሎ ልበል?» አለች።

ቀድሞ ሞተሩ በነበረበት ጊዜ፣ ያውም በሷ ዝግታ፣ ከቆቦ ግራሩ ድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። አሁን ባጃጁ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ኡበይድ ወደ ጀሚል ደወለ፣ አምጣልኝ ሊለው። የጀሚል ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ጀሚል በዚያች ሰዓት ሙሽራውን፣ ሚዜውንና አንድ ሙክት በአንድ ሞተር ጭኖ ወደ ዋጃ ይበርር ነበር።

በሬው ጉልበቱ ከዳው፣ ተንበረከከ። እንግዲህ ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ ነው፤ ከወጣች ሥጋው ሐራም ነው። ጎረቤቱ ነጅሙዲን ቢላውን ይዞ ሮጠ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ቅድስት በጋሪ፣ ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስትደርስ ቆዳው ተገፎ ሥጋው በመደብ በመደብ እየተከፈለ ነበር። ከሳጥኗ የተነፋ ሆድ ወግታ የምታስተነፍስበትን ቱቦ አውጥታ አየችው፣ መልሳ ከተተችው።

«ግማሽ ሰዓት ብቀድም ይተርፍ ነበር» አለች።

ሀጀራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ማሽላው አይደለም በሬያችንን የገደለው» አለች ባሏን እያየች። ባትጨምርም ሁሉም ገባው፤ ያልገባው ነጅሙዲን ብቻ ነው፣ እሱ ሥጋ እየቆጠረ ነበር።

አንድ በሬ አያርስም። የተረፈው ደግሞ ያላዝናል፣ አይበላም፣ ኡበይድ ሌሊት እየተነሳ ሆዱን ይዳስሰዋል። ሳምንት እንዲህ ቆየ። ሕሊናው ወቅሶት ነው እንዳልላችሁ፣ ያን ያህል አልተዋወቁም። በሬው ነው ያስነሳው። አንድ ጠዋት ከጀሚል ኋላ ተፈናጥጦ ቆቦ ሄደ፤ ከኋላው ደግሞ አንድ መንገደኛ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሞተረኛ ሰደበ።

የቅድስት አለቃ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«ያ ድንጋይ... የኔ ቢጤ ሳይሆን አይቀርም።»

«ቢጤ ማለት?»

«ማለቴ... የኔን የመሰለ። ማሽላ ያሰጣሁበት። ልጅቱ ዝግ ብላ ነበር የምትመጣ፣ እሷ መቼ ፈጥና ታውቃለች? ሞተሯን መልሱላት፣ ሁለተኛውም በሬ እንዳይሞትብኝ።»

አለቃው ጻፈ። ኡበይድ ለማያውቀው ጽሑፍ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመና ቅድስትን ፍለጋ ወደ ክፍሏ ገባ። ጠረጴዛዋ ላይ ማራገቢያው ወረቀቶቿን እንዳይበትን አንድ ሰማያዊ ድንጋይ ተቀምጦባቸዋል።

ኡበይድ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይህ ከየት መጣ?»

«ጎማውና መርገጫው መሀል ተሰክቶ ነበር፣ ሜካኒኩ ነው ያወጣው። ከምስክርነትዎ በኋላ።»

«ታዲያ የኔ መሆኑን አወቅሽ?»

«በርዎን በየሳምንቱ አየው የለ አያ ኡበይድ?»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ለአለቃዬ አሳየሁት። ድንጋይ ቀብታ መጣች ብለው ሳቁ።» ወረቀቷን ገለጥ አደረገች። «ሞተረኛ ሲወድቅ ድንጋይ ማን ይፈልጋል? ደግሞ እርስዎ ምለዋል።»

ኡበይድ ድንጋዩን አየው፣ እጁን ዘረጋ። «በይ ስጭኝ፣ አስራ ሁለት ነበሩ።»

«ይኼስ እዚህ ይቆያል» አለች።

ሞተሩ ተመለሰላት። ሮቢት ግን እውነቱን አልተቀበለም። «ዘመድ አላት» አሉ፤ «ኡበይድንም በበሬው ሥጋ አታልላው ነው» ያሉም አሉ፣ ሥጋውን የበላው እነሱ ሆነው ሳለ።

ዘንድሮ ህዳር ኡበይድ ማሽላውን እንደገና አስፋልት ላይ አሰጣ። አልተማረም ወይ ትሉኛላችሁ፤ ከየት ይማራል? ከቦዩ ያወጣቸውን ድንጋዮች ደረደረ። አስራ አንድ። በመኪናው በኩል ያለው ማዕዘን ክፍት ሆነ። አያሌው ጋ ሄዶ ድንጋይ ሊበደር ሲነሳ ሀጀራ በርጩማ ይዛ መጣችና ክፍቱ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ።»

«ምን ልሁን?»

«አስራ ሁለተኛው። እህሉ ተነስቶ የመጨረሻዋ ድንጋይ እስክትገባ አትነሳም። ዙህርንም እዚሁ ትሰግዳለህ።»

«አንች፣ መኪና ቢገጨኝስ?»

«ቀለም ልቀባህ?»

ተቀመጠ። ከግራሩ ሥር ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ከቆቦ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ቅድስት ናት። ከሩቅ አየችው፣ ዝግ አለች፣ ከዚያም ዝግ አለች፣ እንደ ግመል አክብራ በሰፊው ዞረችው።

«እንደምን ዋሉ አያ ኡበይድ? በሬው ደህና ነው?»

ኡበይድ ኮፍያውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደህና ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሷ ካለፈች በኋላ፣ «ድስት!» አለ።