የአባ ዳማ እሑዶች

ልጅ እያለሁ እሑድን አልወድም ነበር። የሰፈራችን ልጆች የሚጠሉት ሰኞን ነው፤ እኔ ግን ክፍል ውስጥ ሆኜ የሒሳብ አስተማሪያችን አለንጋ ቢያሳየኝ ይሻለኝ ነበር። እሑድ የውድድር ቀን ነዋ! አባዬ አዲስ አበባ እየሄደ መኪና ይወዳደራል፤ እኛ ደግሞ አምቦ ቁጭ ብለን ስልክ እንጠብቃለን።

በሥራ ቀን አባዬ ከባኮ በቆሎ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። የራሴ የሚላት አንዲት አሮጌ ኮሮላ ብቻ ነበረችው። የኋላ ወንበሯን አውልቆ፣ ብረት በብረት ላይ በይዶ ለውድድር ያዘጋጃት ራሱ ነው። ቀለሟ ቀላ ያለ ቡናማ፣ እንደ ዳማ ፈረስ ስለነበር ስሟም ዳማ ሆነ። በእኛ አገር ድሮ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ቶለራ፣ የእድራችን ዳኛ፣ አንድ ቀን የመኪናዋን ኮፈን መታ መታ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ አንተ አባ ዳማ ነህ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ደሬሳ ብላ በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ሆነች፤ እሷም ስትቆጣ ነው።

የአባዬ ዕድል እንደ ሰፈራችን መንገድ ወጣ ገባ ነበር። በመጀመሪያው ውድድር ላይ አጥብቆ ያላሰረው ጎማ ተፈትልኮ ሜዳውን እያቋረጠ ብቻውን ሄደ፤ ደግነቱ ማንንም አልነካም። በቀጣዩ መጨረሻ ወጣ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ማሸነፍ ጀመረ። ሻምፒዮን የሆነ ዕለት ባጃጆች ከከተማው መግቢያ ተቀብለው ጥሩምባ እየነፉ አጅበውት ገቡ። እኔ ጭኑ ላይ ተቀምጬ፣ የቤንዚንና የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት፣ ለሰዉ እጄን አወዛውዝ ነበር። ቤት ስንደርስ አስመለሰኝ። ሰዉ «ደስታ ነው፣ ደስታ ነው» አለ፤ እማዬ አምቦ ውሃ አጠጣችኝ። ደስታ አልነበረም። ሰው ሁሉ እንዲህ ከጮኸለት ደግሞ ሊሄድ ነው ብዬ ነው።

ሄደም። በተከታዩ ዓመት ዳማ ተገለበጠች። የአባዬ ትከሻና ጎድን ተሰበረ፤ የአይሱዙው ባለቤትም መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጠበት። ዳማን ጎትተው አምጥተው ግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ጣሏት፤ ዶሮዎቻችንም መሪው ሥር እንቁላል ይጥሉ ጀመር። በባጃጅ ያጀቡት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት «አይዞህ ደሬሳ» ብለው ያልፋሉ። አባ ዳማ የሚለው ቀረ። እኔ ግን በልጅነቴ እንደዚያ ዓመት እፎይ ያልኩበት ጊዜ የለም። እሑድ እሑድ አባዬ ቤት ነበር!

ቤት ነበር ማለት ግን አይቻልም። እራት ላይ ሳህኑን እንደ መሪ ያዞራል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱ ወደ መንገዱ ይሄዳል። ቀልድም ሳቅም ተወ። በመጨረሻ እማዬ ራሷ መጥረጊያ ይዛ ወጣች፤ ዶሮዎቹን አባራ የዳማን ውስጥ ጠረገች። «ሂድ» አለችው። «ፊቴ ቁጭ ብለህ ከምታልቅብኝ፣ ሂድና የሚያመጣውን አብረን እንየው።» እንደገና ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ዳማን ጠገናት፤ እሑዶቹም ተመለሱ። እማዬ ጴንጤ ናት፤ ጸሎት ቤት ስትሄድ ስልኳን መዳፏ ውስጥ ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ለመኪና ውድድር ጸልዩልኝ ማለት ያሳፍራት ስለነበር «መንገድ ላይ ላለ ሰው» ትላለች። ያ ሰው ለምን ሁልጊዜ መንገድ ላይ እንደሆነ የጠየቃት የለም። እኔ ደግሞ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ዳማ የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ስትሻገር ድምፅዋ እንደ ማንም መኪና አይደለም፤ የምታንኮራፋ ትመስላለች። የአጥሩ እንጨት ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ያንን ማንኮራፋት እጠብቃለሁ። እሱን ሳልሰማ እህል አይወርድልኝም።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ አባዬ ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ቅዳሜ ኔትወርክ ጠፋ፤ መንገዱም ተዘጋ ተባለ። በዚያ ዘመን አምቦ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ስልኩ በእጅህ እያለ ድንጋይ ይሆናል። እሑድ ዋለ፣ መሸ፣ ምንም የለም። እማዬ ሳትተኛ እንዳደረች የገባኝ ጠዋት አልጋዋ እንደተነጠፈ ስላየሁት ነው።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። በካፊያው ውስጥ ኦቦ ቶለራና ሌሎች ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተደርድረዋል። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰውየውን አስቀምጦ።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሊሊሴ» አሉ ኦቦ ቶለራ፤ እንዴት አደርሽ የሊሊሴ እናት ማለታቸው ነው፣ ሊሊሴ እኔ ነኝ። «እስቲ ታኢ። ቁጭ በይ። እንዲህ ያለ ነገር ተቁሞ አይሰማም።»

እማዬ አልተቀመጠችም። «ደሬሳ!» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸችና ደጃፉ ላይ ወደቀች።

ኦቦ ቶለራ የመጡት የምሥራች ሊነግሩ ነበር። እሑድ አመሻሽ ከአዲስ አበባ እንደምንም አልፎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አባ ዳማ አንደኛ መውጣቱን ነግሯቸው ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደስታም እንደ ሐዘን በሽማግሌ ነው የሚነገረው ብለው ሰው ሰብስበው መጡ። አፋቸውን ቢከፍቱም በጩኸቱ ማን ይስማቸው? ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ሮጠ። እማዬ መሬት ላይ ስትንከባለል ሲያዩ ኦቦ ቶለራ ራሳቸው ተጠራጠሩ። ሾፌሩ ያየው ውድድሩን ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የሆነውን ማን ያውቃል? «ከእኛ በፊት የነገራት አለ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና «ወዮ አባ ዳማ!» ብለው አለቀሱ። ዳኛው ካለቀሱ ማን ይጠይቃል? የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተጣደ።

እኔ አላለቀስኩም። አጥሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ድልድዩን ለመስማት እታገላለሁ፤ ለቅሶው ግን ሁሉን ነገር ዋጠው። «ዝም በሉ! ድልድዩ አይሰማኝም!» ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ «ልጅቷን ያዟት፣ ልትቀውስ ነው» እያሉ አቀፉኝ። እግሬን እየተራገጥኩ አምልጬ ወደ አጥሩ እመለሳለሁ፤ ደግሞ ይይዙኛል። ዛሬም የዚያን ጠዋት ጭንቀት ሳስብ የሚታወሰኝ ሞቱ አይደለም፤ መስማት አለመቻሌ ነው።

ስድስት ሰዓት ገደማ የዳማን ማንኮራፋት ሰማሁ። «መጣ!» አልኩ፤ ማንም አላመነኝም። ዳማ ጭቃ በጭቃ ሆና ድንኳኑ ፊት ቆመች። አባዬ ዋንጫውን በአንድ እጁ ይዞ ወረደ። የራሱን በር፣ የራሱን ድንኳን፣ የሚያለቅሱትን ጎረቤቶቹን አየ። የእሱ ለቅሶ መሆኑን በምን ይወቅ? ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዋንጫው ወደቀ።

«ማናት?» አለ። «ልጄ ናት? ሊሊሴ ናት?»

ሰዉ ሟቹ ቆሞ ሲናገር አይቶ ደርቆ ቀረ፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ጫማዋን ጥላ ሮጠች። አባዬ ዝምታው መልስ መሰለው። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ስሜን እየጠራ አለቀሰልኝ። እኔ እዚያው ነኝ፤ ሰው መሃል ተቀርቅሬ መድረስ አቃተኝ። በሰዎች እግር ሥር ሾልኬ አንገቱን ስይዘው ልቡ በጃኬቱ ላይ ይመታ ነበር። ሁለታችንም ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትን እዚያው ተቀመጥን።

ከዚያማ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ንፍሮው የድል ድግስ ሆነ። ኦቦ ቶለራ እያፈሩ «በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል» አሉ፤ ሰዉም አሜን አለ። ያልሳቀው አባዬ ብቻ ነው። ድንኳኑ ሲነቀል እማዬ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«ጫልቱ፣ በየእሑዱ እንዲህ ነበራችሁ?»

«አሁን ገባህ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም። ዳማን ለአንድ የጉደር ሰው ሸጦ የመንጃ ፈቃድ ተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። አነዳዱ ያስቅ ነበር፤ ሻምፒዮኑን ጋሪ ሳይቀር ይቀድመዋል። ስሙ ግን ተመለሰለት፤ መኪናዋ ሳትኖርም አባ ዳማ ተባለ። ለዳቦ እንኳ ከወጣ «ደርሻለሁ» ብሎ ይደውል ነበር፤ ዳቦ ቤቱ ከአጥራችን ይታያል።

ባለፈው ዓመት ኩላሊቱን ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛ። የጣለው ስንፈራው የኖርነው መኪና አልነበረም። ኔትወርክ ይሠራ ነበር፤ አስታማሚው አጎቴ ግን የደወለው ለእኛ ሳይሆን ለኦቦ ቶለራ ነው። በማለዳ መጡ። በጣም አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው አፋቸውን ከፈቱ፤ «ታኢ» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለቻቸው። እማዬ ቃሉን ሳትጠብቅ በራሷ ቁጭ አለች።

«ስድስት ሰዓት ይሁን» አለች። «ያን ጊዜም የመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።»

ማንም አላለቀሰም። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሎ አብሯት ጠበቀ። ልጅ ሆኜ የለመንኳቸው ዝምታ ያን ዕለት ተሰጠኝ፤ ድልድዩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ባጃጁም፣ አውቶቡሱም፣ የባኮ በቆሎ የጫነውም አይሱዙ አንድ በአንድ ሲሻገር ሰማሁት። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

አሁን እሑድን አልፈራም። ብፈራው ምንኛ ደስ ባለኝ።