ለተማሪያችን የላክነው ሽማግሌ

ደባርቅ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «አምባራስ፣ ጨነቅ!» እያለ ሲጣራ ከሰማሁ፣ የማያውቀኝ ሰው መሃል ሆኜም ፊቴ ይቀላል። ነገሩ ሲወራ ያስቃል። ባልደረቦቼ በሻይ ሰዓት እያነሱት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እኔም ላለመለየት አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያው እፍረት ነው።

ባለፈው ኅዳር እዚሁ ደባርቅ የመምህራን ማኅበራችን ሥራ አቁሞ ነበር። የደረጃ እድገታችን ተይዞ፣ አቤት ብለን ሰሚ ስናጣ፣ ክፍል አንገባም አልን። እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ፤ በዚያ አላፍርም፤ ዛሬም ቢጠሩኝ አወጣለሁ። እኛ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠን ስንከራከር፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ስንቃቸው አለቀና ወደየቀያቸው ተበተኑ። ጉዳያችን መልስ አግኝቶ ደወል ሲደወል ሁሉም ተመለሱ፤ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። እኔ የክፍል ኃላፊዋ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም፤ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ማናችንም አንጠራጠርም ነበር። የአገሯን ልጆች ስንጠይቅ «አምባራስ፣ አባቷ ጋ ገብስ አጨዳ ላይ ናት» አሉን፤ ከዚያ በላይ የሚያውቁት አልነበረም።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። «ይቺ ልጅ በእኛ አድማ ምክንያት ከትምህርቷ ብትቀር በምን ዓይናችን ሰው እናያለን?» አሉ ጡረታቸው የደረሰው የፊዚክስ መምህር። አንዱ፣ በአይሱዙ ሹፌር ለአባቷ መልእክት ብንልክ ይበቃል አለ። ተነስቼ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። «የገጠር አባት እንዲህ በመንገደኛ አይለመንም፤ በወጉ ሽማግሌ ይላክ» አልኩ። ዳባት ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ ገጠሩን ከሚኒባስ መስኮት ውጪ የማላውቅ ሰውዬ፣ ለአዳራሽ ሙሉ መምህር ስለ ወግ ሌክቸር ሰጠሁ። አጨበጨቡልኝ።

ቅዳሜ ማለዳ በአይሱዙ ወጣን። የፊዚክሱ መምህር ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከእሳቸው ጋር የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ሠራተኛ አሉ፤ ቄስም ስለሆኑ ለሽምግልናው ግርማ እንዲሰጡ ለምነን ያመጣናቸው ናቸው። እኔ ለአባቷ ክብር ብዬ አዲሱን ጃኬቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ነበር። አምባራስ ስንደርስ የፊዚክሱ መምህር ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ከሽማግሌ መሃል ባዶ ራሱን የቆመ ጎረምሳ ደስ አይልም። እዚሁ ጠብቀን» አሉኝ። ከመንገዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቀረሁ።

እንግዲህ የመንደሩ ሰው ያየው ይህን ነው፤ በማለዳ ጋቢ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች ልጃገረድ ካለችበት ቤት ደጅ ቆመዋል፤ ግቡ ሲባሉ አንገባም ብለዋል፤ አዲስ ጃኬት የለበሰ ወጣት ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ዓይኑን ከቤቱ አይነቅልም። እኔ እንዲያ ያፈጠጥኩት ከጭንቀቴ ነበር። ገብስ የሚያጭዱት ሴቶች ቀና ብለው እያዩኝ ሳቁ። እጅ ነሳኋቸው። ይብሱን ሳቁ። ደስተኛ ሕዝብ ነው፣ አልኩ በልቤ።

ሽማግሌዎቻችን ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቷል። ቄሱ በወጉ መሠረት ጉዳዩን በመጀመሪያው ቀን አልዘረገፉትም፤ «በልጅዎ ነገር የምንለምንዎት አለን፤ ዘመድዎ የሚገኝበትን ቀን ይቁረጡልን» ብለው ቀጠሮ ብቻ ተቀብለዋል። «ነገር እንዲህ በእርጋታ ነው የሚያዝ» አሉኝ። እኔም ወግ አዋቂነቴ በመመስከሩ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

በቀጠሮው ቀን «ውጤቷን የምታውቀው አንተ ነህ» ብለው እኔንም ይዘውኝ ገቡ። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። መደቡ ላይ አዲስ ብርድ ልብስ ተነጥፎ እኔ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። ጠላ ተቀዳ፤ የበግ ወጥ ሽታ ከጓዳ ይመጣል። ለአንዲት ተማሪ ይህን ያህል መሰናዶ በማየቴ አባቷ ለትምህርት ባላቸው ፍቅር ልቤ ተነካ።

የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ጺማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «እስቲ መምህር፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አያትህስ?» ያንንም ነገርኳቸው። የገጠር ሰው ጨዋታ መሰለኝ። ቅድመ አያቴን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን፣ አባቴ በልጅነቴ ያስጠናኝን ሁሉ ደረደርኩላቸው። «በእናትህስ በኩል?» በእናቴም በኩል ሄድኩ፤ አምባ ጊዮርጊስ ደርሼ ወገራን አካለልኩ። ሽማግሌው በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና ወደ ቤተ ዘመዱ ዞረው «አይገናኙም! እሰይ፣ በየትም በኩል አይዛመዱም!» አሉ። ከጓዳ አንዲት ሴት እልል አለች።

አገሩ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጥር አያጋባም። ይህንን እኔም አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የቆጠርኩት።

ቄሱ ጠላቸውን አስቀመጡ። የፊዚክሱ መምህር ላብ በላብ ሆነው ተነሱ። «ጌቶቼ፣ ስህተት ሆኗል። እኛ ከትምህርት ቤት፣ ከማኅበራችን ተልከን ነው። ልጅቱ ፈተና አለባት፣ ወደ ትምህርቷ መልሱልን ልንል ነው እንጂ ለጋብቻ አልመጣንም» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አባቷ በዝግታ፣ በተሰበረ ድምፅ፣

«ታዲያ ምኗን ጠልታችሁ ነው?» አሉ።

አልጠላናትም ብንል፣ ታዲያ ውሰዷት ነው። አልመጣንም ብንል፣ አገር በሙሉ ባየው ሽምግልና ተጠይቃ የተተወች ልጅ ልትሆን ነው። እሷ የእጅ ውኃ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። ለምግቡ ታስታጥበን ዘንድ የመጣች ነበረች። ምግቡን ማንም አልቀመሰም።

ስንወጣ አጥሩ ጋ ተከተለችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ወደ እኔ ሳታይ ነበር የምታወራኝ።

«ቲቸር፣ ያኔ የእኛ አጨዳ አልቆ ስንቄ ተዘጋጅቶ ነበርኮ። ሽማግሌ በመጣ በማግስቱ ልመለስ ነበር። በልጅቱ ነገር ሰው ደጅ ቆሞ እንዴት ከተማ ትሄዳለች ብለው ነው ያስቀሩኝ።»

«አሁንስ? አሁን ነይ» አልኳት።

«አሁንማ ብመጣ ተከትላው ሄደች ይሉኛል። እናንተ ክፍል ስትገቡ ልጆቹ የሚስቁት በእኔ ነው። እንዴት አድርጌ ልምጣ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

የምትጠይቀኝ እኔን ነው፤ ወግ አዋቂውን። አይሱዙው ጡሩምባውን ነፋ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ማኅበሩ ይነጋገርበታል» የሚል ነበር። «እሺ» ብላ ገባች።

ማኅበሩም ተነጋገረበት። በሙሉ ድምፅ አዘንን። እሷ ግን አልመጣችም።