በአራት ቀን የቆመው ቤት

ተገጣጣሚ ቤት መሸጥ ማለት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲንኳኳ መስማት ነው። ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ያቆምነውን ማሳያ ቤት ሊያይ የገባ ሰው ሁሉ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ዞር ብሎ ፊቴን ያያል። ካርቶን ነው እንዴ ይለኛል። አይደለም፤ ግራና ቀኙ ቆርቆሮ ነው፣ መሃሉ ብርድና ሙቀት የሚከላከል ፎም ነው እላለሁ። ነፋስ ይወስደዋል ወይ? አይወስደውም። ምስማር ይመታበታል ወይ? ባይመታበት ይመረጣል። አሁን አሁን አፌ ብቻውን ይሠራል፤ እኔ ሌላ ነገር አስባለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቡታጅራ ወርጄ በገበያ መሃል በራሪ ወረቀት አድላለሁ። የሚቀበለኝ ሰው ፀሐይ ይከልልበታል፣ ወይም ቃሪያ ይጠቀልልበታል። ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ስቀመጥ፣ በሕይወቴ አንድም ሰው ቤት ያስገባሁ አይመስለኝም።

ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው የእኔ ሐሳብ ነበር። «በአራት ቀን ቁልፍዎን ይረከቡ! እርስዎ ሳይደክሙ፣ ጎረቤት ሳያስቸግሩ!» ይላል። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ሲያነበው በጣም ወደደው። እኔ የተወለድኩት ወልቂጤ ነው፤ አባቴ ግን በመምህርነት ተመድቦ ከጎጃም የመጣ ሰው ስለነበረ ያደግነው በኪራይ ቤት ነው። ቤት ሲሠራ ቆሜ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ዕቃ ጭኖ ቤት መልቀቅን ነው።

ያንን ወረቀት በኪሱ ይዞ፣ ክረምቱ ሲጋመስ፣ መርካቶ የሚነግድ አንድ የጉመር ወረዳ ሰው መጣ። እናቱ አረቅጥ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው በሙሉ አዲስ አበባ ናቸው። የድሮው ክብ ቤት ጣሪያው አርጅቶ ያፈስባቸዋል። ለመስቀል ልጅ የልጅ ልጁ ተጠራርቶ ሲገባ፣ የሚተኛበት ደረቅ ቦታ እንኳ አይገኝም። ሰውየው የፈራው ሥራውን ሳይሆን ግርግሩን ነበር። ቤት ሲሠራ ሰው መጥራት፣ ማብላት፣ ማጠጣት አለ፤ እናቱ ደግሞ አርጅተዋል። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ ያቺኑ መፈክሬን በጣቴ አሳየሁት። በዚያው ዕለት ተፈራረምን።

የጭነት መኪናው ሲሄድ አብሬ ሄድኩ፤ ለፌስቡክ ገጻችን ቪዲዮ መቅረጽ ነበረብኝ። ሠራተኞቹ ድንኳናቸውንና ምግብ አብሳያቸውን ይዘው ነው የመጡት። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጎረቤቶች ወደ ግቢው ገቡ። ወንዶቹ መጥረቢያና ገመድ ይዘዋል፣ ሴቶቹ ቆጮና አይብ ተሸክመዋል። ፎርማናችን በትሕትና መለሳቸው። ለደህንነታቸው ሲባል ከአጥር ውጭ እንዲሆኑ ለመናቸው፤ ምግብም እንዳለን ነገራቸው። ሰዎቹ ከደጅ ባለው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጀፎሮ በሚሉት ላይ፣ ቁጭ ብለው ግድግዳው ሲቆም ሲያዩ ቆዩና አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ። በማግስቱ የመጡት ሕፃናት ብቻ ናቸው። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ስላልተጋፋበት ቪዲዮው ጥርት ብሎ ወጣልኝ።

በአራተኛው ቀን ቁልፉን ለእናትየው አስረከብኳቸው። እማማ ቁልፉን ተቀብለው፣ ሠራተኞቹ ድንኳናቸውን ሲያጣጥፉ ትክ ብለው ያዩ ነበር። ጨረሳችሁ ወይ አሉኝ። ጨረስን፤ ካስፈለገም ብሎኑ ተፈትቶ መልሶ ይገጠማል አልኳቸው።

ድርጅታችን ለሚሸጠው ቤት ዋስትና ይሰጣል፤ ሄዶ ማየቱ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለዚሁ ስመለስ እማማን አዲሱ ቤት ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ጣሪያው እንዴት ነው አልኳቸው፤ አያፈስም። ብርዱስ? ደህና ነው። ቅጼ ላይ ምልክቴን እያደረግሁ ሳለ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ዝናብ አይገባም፣ ልጄ። ሰውም አይገባም።»

ጉራጌኛ በተጫነው አማርኛቸው ቀስ እያሉ አስረዱኝ። በእሳቸው ዘንድ ቤት የሚቆመው በጎረቤት ነው። አንዱ ምሰሶ ይተክላል፣ አንዱ ይከድናል፣ ሴቶቹ ያበላሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እጁ ያለበት ቤት ስለሆነ ሳይጠራ ዘው ብሎ ይገባል። ይህንን ግን ማንም አልነካውም። ተጣልተው አይደለም፤ መንገድ ላይ ሰላም ይሏቸዋል፣ በሩ ድረስ ግን የሚመጣ የለም። በቅርቡ ወገባቸውን ይዟቸው ተኝተው ውሃ የሚያቀብል አጥተዋል። ልጆቻቸው የሚመጡት ለመስቀል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያላቸው ጎረቤት ነው። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፣ አልወቀሱኝምም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይፈታል፣ ይገጠማል ብለሽ አልነበር?» አሉኝ። «ፍቺውና ሰው ይግጠመው።»

ሌላ ሰው ብሎኑን ከነካ ዋስትናው እንደሚሰረዝ ነገርኳቸው። ያንን የተናገረው ያው ብቻውን የሚሠራው አፌ ነው፤ በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ወጥቼ ለልጃቸው ደወልኩና ያሉትን ሁሉ ነገርኩት። እናቴ እንዳትቸገር ብዬ እኮ ነው አለኝ።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ተቆጥቶ ደወለ። ደንበኛው ራሱ የፊት ለፊቱን ግድግዳ አስፈትቶ እንዳስገጠመ በኩራት ነግሮታል። ሂጂና ዋስትናው መሰረዙን ፊት ለፊት ንገሪያቸው አለኝ። በበዓል ሰሞን መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው፤ አረቅጥ ስደርስ ሰውነቴ ዝሎ ነበር። ቤቱን ከሩቅ ሳየው ግድግዳው ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ከላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል፤ እሱን ደግሞ በእንሰት ቃጫ ጠቅጥቀውታል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ግጥሚያ አይቼ አላውቅም።

ውስጡ ጎረቤት ጢም ብሏል። ግድግዳውን ያዘመመው በየትኛው በኩል የያዘው ሰው እንደሆነ እየተሟገቱ ይሳሳቃሉ። ነጋዴው ልጃቸውም ተላልጦ የተጠቀለለ ጣቱን እያሳየ ይከራከራል። እማማ ጎናቸው አስቀመጡኝ። ብርዱ በክፍተቱ እየገባ አንገቴን ይገርፈኛል። የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኳቸው። ዋስትና ይሰረዛል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ከእንግዲህ ቢበላሽ እኛ አንመጣም ማለት ነው፣ እማማ።»

ቤቱን የሞላውን ሰው ዞር ዞር ብለው አዩና ክትፎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«እነሱ ይመጣሉ» አሉኝ።

ወደ ወልቂጤ ስመለስ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ እኔ የተከራየሁበት ክፍል ጣሪያው ቢያፈስ ማንን እንደምጠራ አሰብኩ። አከራዬ ትዝ አሉኝ። ከእሳቸው ሌላ ማንም አልመጣልኝም።