አሥሩም ፍሬ

ወለተሥላሴን ሰው ሁሉ ስስታም ይላት ነበር። እኔ በክሊኒኩ ካርድ ጸሐፊ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ ስስታም አልነበረችም። ግትር ግን ነበረች፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ የእሷን ግትርነት በቅሎ አይደርስበትም።

ክሊኒካችን ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ወለተሥላሴ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ናት። ትልቁ ጠላቷ ወባ አይደለም፤ የአገሬው ደግነት ነው። እዚህ ሰው ቡና ካፈላ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም፤ የወባ ኪኒን ሲሰጠውም ያው ነው። አሥር ፍሬ ይዞ ይሄዳል፣ አራቱን ይውጣል፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ስድስቱን ለሚንቀጠቀጠው ጎረቤቱ ይሰጣል። በሳምንቱ ሁለቱም ተያይዘው ይመጣሉ። «መድኃኒት ቡና አይደለም፤ ጎረቤት አይጠራበትም!» እያለች ስትጮህ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል።

በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ ዝናቡ ድልድይ ወሰደና መድኃኒት የሚያመጣው መኪና ቀረ። ሰኞ ጠዋት ሕፃናቱን በሽሮፕ ከሸኘች በኋላ የኪኒኑ ቆርቆሮ ውስጥ የቀረው ሦስት መቶ ፍሬ ነው፤ ለሠላሳ ሰው። ግቢው ውስጥ ስድሳ ሰው ተኮራምቷል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ከፈለኝ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መፈክር ይወድ ነበር እንጂ።

«አምስት አምስት ይካፈሉ። እኩልነት ነው!» አላት።

«አምስት ፍሬ ወባን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ስድሳ ሰው አከምኩ ለማለት ስድሳውንም በሽተኛ ላድርግ?»

«ይሄ አሻጥር ነው!»

በዚያ ዘመን ይህች ቃል ሰው ታስበላ ነበር። እሷ ግን እርጉዞቹን አስቀድማ፣ ሌላውን በካርድ ቁጥር ጠርታ፣ ሠላሳ ስም አስጻፈችኝ። ኪኒን ይዞ ቤት መሄድ የለም፤ ሦስት ቀን እየተመላለሱ ፊቷ መዋጥ ነው።

ሠላሳ አራተኛው ካርድ የገብረወልድ ነበር። ባሏ ነው፤ በመንግሥት ቡና እርሻ ላይ የለቃሚዎች ካቦ። ሰው ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ተከለ። ከራስ በላይ ንፋስ ነውና ትደብቅለታለች ብለን ጠበቅን፤ እውነቱን ልናገር፣ ብትደብቅለት እኔ አልፈርድባትም ነበር። «መኪናው ሲመጣ» አለችው፣ ለሌሎቹ እንዳለችው። ጋቢውን ተከናንቦ እየተንዘፈዘፈ ወጣ።

ማክሰኞ ባሰበት። ቆርቆሮው ውስጥ ኪኒን አለ፤ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ባለቤት አለው። ቀትር ላይ ልጠይቀው ብዬ አብሬያት ወደ ቤቷ ሄድኩ። ጎረቤቷ ሀጂራ፣ ባለሱቋ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላለች። ከሠላሳዎቹ አንዷ ናት፤ ጠዋት ፊታችን አራት ፍሬዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሄዳለች። መዳፏ ላይ ግን ጠርዛቸው የሟሟ ሁለት ኪኒኖች ነበሩ። በጉንጯ ደብቃ ነው ያመጣቻቸው። ያን ምሬት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከክሊኒኩ እስከዚያ ቤት አፍ ውስጥ ይዞ መሄድን እኔ ለእናቴም የማደርገው አይመስለኝም።

«እኔ ተሽሎኛል፣ ወለቴ። እሱ ይዋጠው» አለች።

«የተሻለሽ መስሎሽ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ይመለስብሻል። ያኔ ምን ልሰጥሽ ነው?»

ወለተሥላሴ ባሏን አየችው። ዓይኑን ገልጦ ያያታል። ከዚያ ውኃ ቀዳችና ለሀጂራ «ዋጪ» አለቻት። ሀጂራ እያለቀሰች ዋጠች። ወለተሥላሴም ታለቅስ ነበር። እኔ መቃኑን ይዤ ቆሜያለሁ።

ከረቡዕ ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጣ፤ የዋጠ ሁሉ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሣል። ጓድ ከፈለኝ ገብረወልድን ሊጠይቅ ገብቶ ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። የአምስት አምስቱን ነገር ዳግም አላነሣም።

መኪናው ዓርብ ጠዋት በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። «ሠላሳ አንድ!» ብዬ ጠራሁ። ሠላሳ ሁለት፤ ሠላሳ ሦስት። ገብረወልድን ሁለት ሰው ደግፎ አስገባው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አራት ፍሬ ቆጥራ ሰጠችው፤ ዋጠ።

ሊወጣ ሲል «ቆይ» አለችው። «አፍህን ክፈት።»

ከፈተ።

«ምላስህን አንሣ።»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ገብረወልድም ምላሱን እንዳነሣ ሊስቅ ሞከረ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። አፉ ውስጥ ምንም አለመቅረቱን አጎንብሳ ስታይ እንባዋ ጋቢው ላይ ጠብ አለ። አንድ ቤት እንደሚያድሩ የረሳች ይመስል፣ «ነገ አራት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት። ቤት ይዘህ መሄድ የለም» አለችው።

እሑድ፣ ሁለቱን ሊውጥ፣ ማንም ሳይደግፈው በእግሩ መጣ።