ፊት ይቅደም ያልሁ ዕለት

የቪዲዮ ቻናል ልክፈት ያለ ሁሉ መተማ ውስጥ ወደኔ ይመጣል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምጠብቅ ሴት ስለ ካሜራ ምን አውቄ! ግን ጎረቤቴን መክሬ ስለተሳካላት ነው። እንዴት እንደተሳካላት አይጠይቁኝም።

ጎረቤቴ ኮኪት ከተማ ውስጥ ሻይ ትሸጥ ነበር። የሰሊጥ አጨዳ እያሳየች ቻናል ልትጀምር አሰበችና «እትዬ፣ አንቺ አንብቢና ንገሪኝ» አለችኝ። እንደ ልማዴ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ በደብተር ጻፍሁላት፦ በጠዋት ብርሃን ቅረጪ፤ ትራክተር አጠገብ አትቁሚ፣ ድምፅሽን ይውጠዋል፤ አሳጥሪው። ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት ግን «ፊት ይቅደም» የሚለውን ነበር። ሰው የሰው ፊት ካላየ አይቆይም።

ስህተት እንዳትሠራ ብዬ እርሻው ድረስ አብሬያት ሄድሁ። የእርሻውን ባለሀብት አስፈቅጄ በወረቀት አስፈረምሁት። ከዚያ ነዶ የምታስር አንዲት የወሎ ልጅ መረጥን፤ እጇ ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። ስልኩ ሲዞርባት አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«እትዬ፣ ይኸ ደሴ ድረስ ይታያል?»

የዚያን ጊዜ ኔትወርክ የአገሩ መሳቂያ ነበር። «እስኪ መጀመሪያ መተማ ይድረስ!» አልኋት።

አጫጆቹ አውካኩ። አንዱ ጎጃሜ «በግመል ላኩት፣ ይሻላል!» አለ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ሻሹ ወረደ። ጎረቤቴን «አሁን!» ያልኋት እኔ ነኝ።

ደሴ ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ወንድሟ ከነስልኩ መጣ፤ ፊቷን ስክሪኑ ላይ አቁሞ «ይችን አምጡልኝ» አለ። ልጅቱ ሻሿን አስተካክላ እሱ በመጣበት ጭነት መኪና ላይ ወጣች። በኋላ አብረዋት ያደሩት ሴቶች ነገሩን። ሊድሯት ሲሉ ጠፍታ ነበር ቆላ የወረደችው፤ አጨዳው ሲያልቅ ርቃ ሄዳ ካቋረጠችው ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከትዳር ወጥቼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነው። ያን ጥያቄ ከማንም በፊት መረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በተማሪ ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ የማላልፍ ሴት፣ ለእሷ ቀልድ መለስሁላት። የባለሀብቱ ፊርማ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የልጅቱን ስም እንኳ አልጠየቅሁም።

ጎረቤቴ ቪዲዮውን አጠፋችው፤ በእሱ የመጡት ተመልካቾች ግን ቀሩላት። ደብተሬንም እየተዋዋሱ ይገለብጡታል፤ ሁሉም የሚይዘው ያችኑ ያሰመርሁባትን ነው።

አሁን ለመጣ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ የምትቀርጸው ሰው «እስከ የት ይታያል?» ካለህ፣ ማን እንዳያየው እንደፈለገ ጠይቀው።

በቀደም አንዱ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ከተጠየቀማ ማን ይቀረጻል?»

«ይቅራ!» አልሁት።